የሁለተኛው ማሽን መጥሪያ እና የሰብሳቢው ኮት

ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአስራ አራተኛው ቀን

ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡25 ተጀመረ። የስብሰባ ክፍሉ ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍል ሹሙ ዘንድ ስለሆነና እሳቸውም ምሳ ላይ ስለነበሩ ሌሎቻችን ደረጃው ላይ ቆመን ጠብቀናል።

ቦታ፦ የአውቶብስ ድርጅቱ ዋና ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልዘጋም ብሎ እንቢ ያለው ክፍል

የተገኙ፦

1. የመምሪያው ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የቲኬት ሽያጭ ኃላፊዋ፣ ምክትል ሰብሳቢ (ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው)
3. የንብረት ክፍል ሹሙ፣ አባል (አጎቴ ቁልፍ)
4. የሾፌሮች ተወካይ፣ አባል (በሚነዱት አውቶብስ ሰባት ቁጥር ይባላሉ)
5. የዳታቤዝ ባለሙያዋ፣ አባል
6. የቢሮው ታይፒስት፣ ድምፅ የሌላት ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ አባላት ሦስቱ ከተገኙ ይበቃል። አምስቱም ስለተገኙ ሞልቷል። ባለሙያዋ የጉዞ ሻንጣዋን ይዛ ገብታ ወንበሯ ሥር አስቀምጣለች።

ስብሰባው የተጠራበት ምክንያት፦ ድርጅቱ የቲኬት መረጃ የሚያስቀምጥባቸው ሁለት ማሽኖች አሉት። ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት አንደኛው ማሽን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለተኛው ለዚሁ ቀን የተገዛ ነውና ወዲያው ሥራውን ተረከበ። ነገር ግን አስራ አንዱም የቲኬት መስኮቶች የሞተውን እንጂ ያለውን ስላልጠሩ ለሁለት ሰዓት ተኩል ቲኬት ሳይቆረጥ ቀረ። ሰልፉ ከግቢው አልፎ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ደርሶ እንደነበር እትዬ አስታውሰዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ውስጡ ያለው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው፤ እሱም «የዳታቤዝ ባለሙያዋ ለማሽኑ ደህንነት ሲባል ከማሽን ክፍሉ በእግር ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬድ በላይ እንዳትርቅ» ይላል። በኮሚቴያችን ደንብ አንቀጽ 9 መሠረት የአንድ ስብሰባ ውሳኔ የሚጸናው በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ ስለሆነ ማጽደቅ አስፈለገ።

ባለሙያዋ አስተያየት እንዳላት ገለጸች። የእናቷ ዓይን ነገ ጠዋት በ4 ሰዓት ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት፣ ሐኪም ቤቱ ያለው በአውቶብስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ መሆኑን፣ ዛሬ በ11 ሰዓቱ አውቶብስ ካልሄዱ እንደማይደርሱ አስረዳች። የዓመት ፈቃዷ ተፈርሞ ኪሷ ውስጥ እንዳለና የያዛት ይህ ውሳኔ ብቻ መሆኑን ጨመረች። ባለፈው ወርም ለዚሁ ጉዳይ ተሳፍረው ሳለ ማሽኑ በመውደቁ በስልክ ተጠርታ መንገድ ላይ እንደወረደች፣ እናቷም «አንቺ ከሌለሽ ማን እጄን ይዞ ያስገባኛል» ብለው አብረዋት እንደወረዱ ተናገረች። «የግራው ከጠፋ ቆይቷል። በቀኙም አሁን የምታየው መስኮቱን ብቻ ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው አታይም። ይሄ ቀጠሮ ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለው ከስምንት ወር በኋላ ነው» አለች።

ሰብሳቢው ይማርልሽ ካሉ በኋላ፣ እሳቸውም እናት እንዳላቸው፣ ሆኖም በቀን አራት ሺህ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ ድርጅት በአንድ ዓይን ምክንያት ሊቆም እንደማይችል አስገነዘቡ። ባለሙያዋ ድርጅቱ የሚቆመው በእናቷ ዓይን ሳይሆን መስኮቶቹ ማሽኑን በሚጠሩበት መጥሪያ መሆኑን፣ እሱም አጀንዳ 2 ላይ እንዳለ አስታወሰች። ሰብሳቢው እንግዲያው አጀንዳ 2 ሲደረስ ይታያል አሉ።

ውሳኔ 1፦ ያለፈው ቃለ ጉባኤ በ3 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦው የሰባት ቁጥር ነው፤ እጅ ሲወጣ በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ስኳር ይዘው ነበር።

አጀንዳ 2፦ መጥሪያውን ስለማስተካከል

ባለሙያዋ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥንና አስራ አንድ ትንንሽ መስኮት ሣለች። በባለሙያዎች ቋንቋ ሊስነር የሚባል ጥሪ ተቀባይ እንዳለ፣ ይህም ለሁለቱም ማሽን አንድ የጋራ ስም ማለት መሆኑን አስረዳች። መስኮቶቹ ማሽኑን በገዛ አድራሻው መጥራት ትተው በጋራ ስሙ ይጠሩታል፤ ስሙም ሥራ ላይ ያለው ማሽን ዘንድ ይገኛል። አንደኛው ሲወድቅ ስሙ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የትኛው እንደመለሰላት እንኳ አታውቅም።

እትዬ «ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ካለ እስከዛሬ ምን ይዞሽ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ። ባለሙያዋ ጥሪ ተቀባዩ ከተተከለ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ መስኮቶቹም በዚያው ስም እንደሚጠሩ፣ ነገር ግን የተመዘገበለት የአንደኛው ማሽን አድራሻ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሲወድቅ ስሙም አብሮ እንደሚወድቅ መለሰች። ያን ጊዜ የሁለተኛውን አድራሻ በእጇ ካላስገባች አይነሣም። የሁለተኛው ያልተመዘገበው ንብረት ክፍል ስላልፈቀደ መሆኑን ተናግራ አጎቴ ቁልፍን ሳታይ ተቀመጠች።

አጎቴ ቁልፍ ስማቸው ባይጠራም መልስ ሰጡ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው አንድን ዕቃ ሁለት ቦታ መዝግበው እንደማያውቁ፣ ሁለት ቦታ የተመዘገበ ዕቃ ቆጠራ ሲመጣ አንዱ ቦታ ላይ እንደሚጎድል፣ የጎደለው ደግሞ ከማን ላይ እንደሚፈለግ ሁሉም እንደሚያውቅ ገለጹ። «ስሙ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚሄድ ከሆነ ርክክቡ ላይ ማን ይፈርማል? ቅጹ ላይ ቦታ የሚል አንድ መስመር ነው ያለው» አሉ። ባለሙያዋ ስም ዕቃ እንዳልሆነ ብታስረዳም አጎቴ ቁልፍ፣ ዕቃ ካልሆነ ለምን ንብረት ክፍልን እንደጠየቀች ጠየቁ።

ሰባት ቁጥር ነገሩ በሾፌር ቋንቋ ግልጽ መሆኑን ተናገሩ። ረጅም መንገድ ላይ ተጠባባቂ ሾፌር ከኋላ እንደሚቀመጥ፣ ዋናው ቢያመው መሪውን ተጠባባቂው እንደሚይዝ፣ ተሳፋሪውም ከመቀመጫው እንደማይነሣ ገለጹ። «የኛዎቹ ማሽኖች ግን ሾፌሩ ሲታመም ተሳፋሪውን አውርደን ሾፌሩ ቤት ደጃፍ እያሰለፍነው ነው» አሉ። እግረ መንገዳቸውንም አንደኛው ማሽን ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት መሥራቱ ሾፌር ቢሆን ኖሮ የሚያስጠይቅ እንደነበር ጠቁመው፣ ማሽኑ እንደ ሾፌር በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ደጋፊ አጣ፤ ሰብሳቢው እሳቸውም ራሳቸው አርፈው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ውሳኔ 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የጋራ ስሙ ዕቃ መሆን አለመሆኑን አጎቴ ቁልፍ ራሳቸው አጥንተው ለራሳቸው እንዲያቀርቡ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሁለተኛው ማሽን አንደኛው መውደቁን በምን ያውቃል?

ጥያቄው የሰብሳቢው ነው። ባለሙያዋ ሁለቱ ማሽኖች በየጥቂት ሰከንዱ አለህ ወይ፣ አለሁ እንደሚባባሉ፣ ተደጋግሞ ተጠርቶ መልስ ከጠፋ ሁለተኛው እንደሚረከብ አስረዳች።

ሰብሳቢው ይህ ከአሠራር ውጭ መሆኑን ገለጹ። በድርጅቱ ውስጥ ማንም ሰው የማንንም ሥራ የሚተካው ባለሥራው አለመኖሩን በጽሑፍ ሲያሳውቅ ነው፤ የኮሚቴው ደንብ አንቀጽ 4ም ምክትል ሰብሳቢዋ የሚመሩት ሰብሳቢው አለመኖራቸውን በጽሑፍ ሲያሳውቁ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ አንደኛው ማሽን መውደቁን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ አሉ።

ባለሙያዋ የወደቀ ማሽን እንደማይጽፍ ተናገረች።

ሰብሳቢው እንግዲያው ሳይወድቅ ይጻፍ አሉ።

ውሳኔ 3፦ አንደኛው ማሽን በየቀኑ ጠዋት ነገ እንደሚወድቅ የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዲያወጣ፣ ካልወደቀም በማግስቱ ይቅርታ የሚል እንዲያወጣ በ3 ድምፅ ተወሰነ። ባለሙያዋ ተቃውሞዋ እንዲመዘገብ ስለጠየቀች ተመዝግቧል። ሰዓቱ እንዲመዘገብላትም ጠይቃለች፤ 9፡20 ነበር።

አጀንዳ 4፦ ድንገተኛ (ያልተያዘ አጀንዳ)

በ9፡22 የሰብሳቢው ስልክ ጮኸ። «አንዴ» ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ቀረ። አጎቴ ቁልፍም የሚፈረም ወረቀት ነበራቸውና ተከትለዋቸው ወጡ።

እስከ 9፡40 ተጠበቀ። ሰባት ቁጥር እትዬ እንዲመሩ ሐሳብ ቢያቀርቡም እትዬ በአንቀጽ 4 መሠረት የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዳልደረሳቸው ገለጹ። ደግሞም የሰብሳቢው ድምፅ ከኮሪደር ይሰማል፤ ከአክስታቸው ልጅ ጋር ስለ ጣራ ቆርቆሮ ነበር የሚያወሩት። ሰባት ቁጥር ኮታቸውም አለ ብለው ጨመሩ። ኮቱ ካለ ሰውየው አሉ ማለት ነው ወይስ ኮቱ ብቻ ነው ያለው በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ።

ባለሙያዋ በዚህ ጊዜ ሰሌዳውን አሳየች። «እትዬ፣ እኔ ከምሳ ጀምሮ የማስረዳው ይሄንን ነው። አንደኛው አለ ይባላል፤ አይመልስም። ሁለተኛው ጤነኛ ነው፤ ማንም አልጠራኝም ብሎ ቁጭ ብሏል። ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ነው» አለች።

እትዬ ማሽኖቹ ስንት ጊዜ ነው የሚጠራሩት ሲሉ ጠየቁ። ሦስት ተባለ። ጸሐፊዋ እየወጣች ሰብሳቢውን ሦስት ጊዜ በየሁለት ደቂቃው እንድትጠራ ታዘዘች። ሦስቱንም ጊዜ ሰብሳቢው መዳፋቸውን አነሡ። መዳፍ ማንሣት መልስ ነው አይደለም በሚለው ላይ በቤቱ ባለው ግንዛቤ መሠረት አይደለም ተብሎ ተመዘገበ።

ውሳኔ 4፦ በቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ስለሚሞሉ፣ እትዬ ስብሰባውን ተረክበው ሰብሳቢው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮቱ ከኋላቸው እንዳለ ተቀመጡ።

ውሳኔ 5፦ የሁለተኛው ማሽን አድራሻ ዛሬውኑ እንዲመዘገብ፣ አንደኛው ለአስር ደቂቃ ጠፍቶ እንዲሞከር፣ ሙከራው ከተሳካም ባለሙያዋን የያዛት ውሳኔ እንዲነሣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እትዬ በውሳኔ 1 እጃቸውን ስላወጡ መጸጸታቸው እንዲመዘገብ አልጠየቁም፤ ግን ለባለሙያዋ «እኔ እኮ መስኮት ሲዘጋ የምሰደበው እኔ ስለሆንኩ ነው ልጄ» ብለዋታል።

ባለሙያዋ 9፡58 ላይ ወደ ማሽን ክፍሉ ወረደች። ሻንጣዋን ይዛ ነው የወረደችው።

አጀንዳ 5፦ ሁለት ሰብሳቢ ስለመኖሩ

በ10፡15 ሰብሳቢውና አጎቴ ቁልፍ ተመለሱ። ሰብሳቢው ወንበራቸው መያዙን ተመልክተው ኮሪደር ላይ እያሉም ስብሰባው እንዳልተቋረጠ፣ እንዲያውም ሁለት ውሳኔ አሳልፈው እንደመጡ ገለጹ። አንደኛው ሙከራው ርክክብ የሚፈርም ሰው እስኪገኝ እንዲዘገይ፣ ሁለተኛው የባለሙያዋ የግማሽ ሰዓት መንገድ ወደ ሩብ ሰዓት እንዲያጥር የሚል ነው።

እትዬ ምልዓተ ጉባኤው እንዴት ሞላ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው በጣታቸው ቆጠሩ። «እኔ፣ አጎቴ ቁልፍ፣ ጸሐፊዋ። ጸሐፊዋ ደግሞ ሦስት ጊዜ መጥታለች። አምስት።» ጸሐፊዋ ድምፅ እንደሌላት ስታስታውስ ሰብሳቢው የጠየቁት ድምፅ ሳይሆን ቁጥር መሆኑን አስረዱ።

እትዬ ከወንበሩ ሳይነሡ፣ ሰብሳቢው ሳይኖሩ ስብሰባ እንደመሩ ገለጹ። ሰብሳቢው አልነበሩም መባሉን አጥብቀው ተቃወሙ። «ኮቴ እዚህ ነበር። ኮቴ ካለ እኔ አለሁ። ይሄ የዛሬ አሠራር አይደለም፤ ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉ። ሰባት ቁጥር ይህ እውነት መሆኑንና ከምሳ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ኮቱን እንደሆነ መሰከሩ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ሰብሳቢዎች በየተራ ሥነ ሥርዓት ይከበር አሉ። ሁለት አባላት በዚህ ወገን፣ ሁለት በዚያ ወገን ሆኑ፤ ሦስት የሞላለት ግን አልነበረም። ጸሐፊዋ የሁለቱንም ቃል በአንድ ገጽ ላይ፣ መሐሉን በመስመር ከፍላ ስትጽፍ ቆይታለች።

በ10፡28 ባለሙያዋ ከታች ተመለሰች። አንደኛው ማሽን አስር ደቂቃ ሙሉ ጠፍቶ እንደነበር፣ ሁለተኛው እንደተረከበ፣ የጋራ ስሙም አብሮት እንደሄደ፣ በአስራ አንዱም መስኮት ቲኬት እንዳልተቋረጠ ሪፖርት አደረገች። ሦስተኛው መስኮት ላይ አንዲት ቲኬት ቆራጭ ኮምፒውተሯ እስከ ሃያ እስክትቆጥር ድረስ እንደዘገየባት ብትናገርም፣ ሌላ ጊዜም ቢሆን እንደዚሁ እንደሚዘገይባት ራሷ አክላለች። አንደኛው ማሽን ተመልሶ በርቷል፤ አሁን ተጠባባቂ ነው።

ባለሙያዋ በቤቱ ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ከተመለከተች በኋላ ይህ በማሽኖችም ዘንድ የታወቀ በሽታ መሆኑን ገለጸች። መነጋገሪያቸው ሲቋረጥ ሁለቱም ዋና ነኝ እንደሚሉ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ቲኬት እንደሚቆርጡ፣ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው እንደሚሸጥ፣ ለዚህም ሲባል ምንም መረጃ የማይሸከም፣ የትኛው እንዳለ ብቻ የሚመሰክር ሦስተኛ ትንሽ ማሽን እንደሚቀመጥ አስረዳች።

ሁሉም ወደ ጸሐፊዋ ተመለከቱ። ጸሐፊዋ እየጻፈች ነበር።

ሰብሳቢው አምስተኛዋ አባል ስለመጣች ድምፅ ይሰጥ አሉ። እትዬ ድምፁ ተሰጥቶ አልቋል፤ ሥራውም ተሠርቶ አልቋል አሉ። አጎቴ ቁልፍ ያልተረከቡት ነገር እንዴት ይሠራል አሉ። ሰባት ቁጥር የ11 ሰዓቱ አውቶብስ ግቢው በር አጠገብ ሻንጣ መጫን እንደጀመረ በመስኮት አይተው ተናገሩ፤ ይህ ከአጀንዳው ጋር አይገናኝም ተብሎ በሰብሳቢው ተተወ።

ባለሙያዋ እናቷ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ተሳፋሪ ማቆያው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር አንቺ ነሽ እያሉ እንደሚጠይቁ ተናገረች።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው ሁኔታው በዚህ መልክ ወደ የበላይ አካል ቢሄድ ሁለት ሰብሳቢ ስለነበረው ስብሰባ ማን እንደሚጠየቅ አንሥተው፣ ሁሉም ወገን ክብሩን ጠብቆ የሚወጣበትን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡም «በዛሬው ስብሰባ በማናቸውም ወገን የተወሰኑ ውሳኔዎች ከአንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንዳልተወሰኑ ይቆጠሩ» የሚል ነው።

ጸሐፊዋ ስትጽፍ ከአንድ ጀምሮ ነው ያሉት ወይ ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው «ከአንድ ጀምሮ። አንድ ምን የተለየ ነገር አለውና ይቀራል?» አሉ። እትዬ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ጊዜ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበላቸው። ሰባት ቁጥር ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጡ።

ውሳኔው በ5 ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ ያለ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ በሙሉ አባላት ድምፅ ያለፈ የመጀመሪያው ውሳኔ መሆኑ ተመዝግቧል።

ከጸደቀ በኋላ እትዬ ማብራሪያ ጠየቁ። ውሳኔ 1 ካልተወሰነ ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤ አልጸደቀም ማለት ነው ወይ አሉ። ሰብሳቢው ጥቂት አስበው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚጸድቅ መለሱ። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ተጠየቀ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው ተባለ። በአንቀጽ 9 መሠረት እስከዚያ ድረስ በማንም ሰው መንገድ ላይ የጸና ውሳኔ እንደሌለ ጸሐፊዋ ስለተጠየቀች ከደንቡ አንብባለች።

አጎቴ ቁልፍ ሙከራው ካልተወሰነ ሁለቱ ማሽኖች ወደነበሩበት ይመለሱ ሲሉ ጠየቁ። ይህ አዲስ ውሳኔ እንደሚያስፈልገው፣ አዲስ ውሳኔም ከተወሰነ ከአንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ከሚለው ውስጥ ሊገባ እንደሚችል እትዬ አስረዱ። አጎቴ ቁልፍ አሰቡበት። ማን ይመልሰዋል የሚለውም ተነሣ፤ ሰብሳቢው ባለሙያዋ ትመልሰው ብለው ወደ ወንበሯ ተመለከቱ።

ወንበሩ ላይ ግራጫ ሹራብ ተሰቅሎ ነበር።

ሰብሳቢው ሹራቡን ለተወሰነ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ የራሳቸውን ኮት ከእትዬ ጀርባ አንሥተው ለበሱና «ሹራቧ ካለ አለች» አሉ። ተቃዋሚ አልነበረም።

የመዝጊያ ቆጠራ፦ 5 አባላት።

ስብሰባው በ10፡54 ተዘጋ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ የ11 ሰዓቱ አውቶብስ በሰዓቱ ወጥቷል። ሰባት ቁጥር ሾፌሩን ስለሚያውቁት እናትና ልጅ ከፊት እንዲቀመጡ ነግረውታል። ቲኬታቸው የተቆረጠው ሦስተኛው መስኮት ላይ ነው፤ ቆራጯ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ጠይቄያት አላወቀችም። ሹራቡን እኔ ተረክቤያለሁ። አጎቴ ቁልፍ ቅጹን ራሳቸው ሞልተው አምጥተውልኛል፤ ቦታ በሚለው መስመር ላይ «ለጊዜው የጸሐፊዋ መሳቢያ፤ ባለቤቷ ስትመለስ እሷ ያለችበት» ብለው ጽፈው ፈርመውበታል።